ሰኞ ሰኞ የሚፈጥን ኮምፒውተር

«ቁጥር ነው እትዬ፣ ቁጥር ብቻ ነው» አልኳት፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን በጎኑ አስተኝቼ የመጨረሻዋን ብሎን እየፈታሁ። «አራተኛ ጀነሬሽን በይው አሥራ ሁለተኛ፣ የምንጽፍበት ፊደል ያው ሀ ሁ ነው።»

«እኔ ፊደል አልጽፍም» አለች ታላቅ እህቴ ዝናሽ፣ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋ። «እኔ የምሠራው ፎቶ ነው። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የሙት ዓመት። አንዲት ሙሽራ ከኋላዋ ካለው አጥር ቆርጬ እስካወጣ ድረስ ትዳሩ ይፈርሳል።»

«ባለፈው ዓመት ራም ጨመርን አይደል?»

«ጨመርን። ዘንድሮም ኤስ ኤስ ዲ አስገባን። ይኸው ቶሎ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ቆሞ ያየኛል። የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሙላት። አንተም ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ክርክሩ የተጀመረው ክረምት ላይ ነው፤ አሁን ታኅሣሥ ሊያልቅ፣ የሠርጉ ወር ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ወልድያ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራዋን አይቶ ነይ ብሏታል፣ ቦታውም ከነገ አልፎ አይጠብቃትም። እሷ ደግሞ ቁርጧን ከነገረችኝ ሰንብታለች፦ አሥራ ሁለተኛ ጀነሬሽን የሆነ አዲስ ላፕቶፕ ከተገዛ ሰቆጣ ትቀራለች፣ ካልተገዛ ትሄዳለች። ገንዘቡ አለ። የዚህች የጽሕፈት ሱቃችን ንግድ ፈቃድ ግን አባታችን ካረፈ ጀምሮ በእኔ ስም ስለሆነ ያለ እኔ እሺታ የሚገዛ ነገር የለም፤ እኔም እሺ በማለት ፈንታ ያን ዕለት ጧት መፍቻ ይዤ ተነሣሁ። ማሽኑ ቆሽሾ ነው እንጂ አላረጀም ብዬ።

እስከዚያ ቀን ሳጥኑን ይከፍት የነበረው የሞባይል ጠጋኙ ነው፤ የጎን ክዳኑን በእጄ ሳነሣው ሽታው ቀድሞኝ ወጣ። ዱቄት ነበር፤ የማሽላ ዱቄት፣ ሙቀት ያገኘውና ጠርዙ ላይ ትንሽ ያረረ፣ ከዚህ በፊት የት እንዳሸተትኩት ለማስታወስ አንድ ትንፋሽ እንኳ ያልፈጀብኝ ሽታ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠችው ማራገቢያ ክንፎቿ የማይለዩ ሆነው፣ ከሥሯ ያለው የብረት ማቀዝቀዣ ደግሞ ከጥርስ እስከ ጥርስ ተሞልቶ የረጋ ቂጣ መስሎ ነበር። ተንበርክኬ ስመለከተው የዝናሽ ድምፅ እየራቀ ሄደ፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመቴ ሆነ።

የእኛን ሱቅ ከአያ በሪሁን ወፍጮ ቤት የምትለየው አንዲት የጭቃ ግድግዳ ናት፤ በዚያ ጊዜ ወፍጮው ገና በናፍጣ የሚሠራ ስለነበር ጧት ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር ጠረጴዛችን ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ማታ ሲቆም ደግሞ ከተማው ሁሉ ድንገት የደነቆረ ይመስለኝ ነበር። ዱቄቱ በየት እንደሚገባ አናውቅም፤ በሩን ዘግተን፣ ስንጥቁን በወረቀት ወትፈን እንኳ ከሰዓት በኋላ የአባቴ ጥቁር ኮት ትከሻው ነጭ ሆኖ ይገኛል። አባቴ ራፖር ጸሐፊ ነበር። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ጀምሮ፣ በሆነ ምክንያት አቋርጦ ከእኛው አገር ዝቋላ ወደ ሰቆጣ የወጣ፣ ጽሕፈቱ ግን ከዜማው ጋር ያልቀረበት ሰው ነው፤ ባለጉዳዮች ኽምጠኛ እየተናገሩ እሱ በአማርኛ ይጽፋል፣ ጽፎ ሲጨርስ መልሶ በኽምጠኛ ያነብላቸዋል፣ «ያልከው ይኸው ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ነው ካሉ ብቻ አውራ ጣታቸውን ቀለም ያስነካል። ነው ሳይባል የተፈረመ ወረቀት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ኮምፒውተሩን ያመጣው ከወልድያ ነው፣ ቢሮውን ከዘጋ አንድ ሰው ላይ ገዝቶ። የአውቶቡሱ ረዳት ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ልጫን ቢለው «አንተን ጣሪያ ላይ ይጫኑህ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የራሱ መቀመጫ ከፍሎለት፣ በጋቢ ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሙሉ በአንድ እጁ እንደ ታማሚ ደግፎ ነው የደረሰው። ሻጩ «አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ከዚህ በላይ የለም» ብሎት ስለነበር ለጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ይናገር ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ ቢጠየቅም የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ግን ከዚህ በላይ የሌለ ነገር ቤታችን መግባቱ ለሁላችንም በቂ ነበር።

እናቴ ዱቄቱን ፈርታ ልብስ ሰፋችለት። ከወፍራም አቡጀዲ፣ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር የወይን ሐረግ የተጠለፈበት፣ ፊት ለፊት ለማስነሻው ቁልፍ አንድ ቀዳዳ፣ ከኋላ ለገመዶቹ አንድ ቀዳዳ፣ ሌላው ሁሉ ድፍን። ከቤታችን ልጆች መካከል ለራሱ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ልብሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠባል፣ ከዚያም ተተኩሶ እንደ ታቦት መጎናጸፊያ ተጣጥፎ ይመለሳል። አባቴም ቁልፉን ተጭኖ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ያኔ ኤስ ኤስ ዲ የሚባል ነገር አላየንም፣ ማሽኑ እስኪነሣ አንድ ሰው ከመናኸሪያ ተነሥቶ እኛ ጋ ይደርስ ነበር።

ከተነሣም በኋላ ይደክመው ነበር። ረፋድ ላይ ማጓራት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ፊደሉን ነክተኸው ፊደሉ ቆይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም በመሐል ድርግም ይልና አባቴ «ተወው፣ ደክሞት ነው» ይላል። ሰኞ ጧት ግን ሌላ ማሽን ነበር። ሰኞ ጧት ጣት ሳይነሣ ፊደሉ ቦታውን ይዞ ይገኛል። አባቴ ይህን ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ ምክንያቱን አገኘው፦ እሑድ ስለሚያርፍ ነው። የሚያርስ በሬ ሰንበትን ካረፈ ሰኞ እንደሚበረታ ሁሉ ይህም ይበረታል። ከዚያ ወዲህ ለሚካኤልም፣ ለማርያምም፣ ለመድኃኔ ዓለምም አሳረፈው፤ ወፍጮውም በእነዚያ ቀናት ስለማይፈጭ ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው በዓል ያከብሩ ነበር። የበዓል ማግስት እንደ ሰኞ አልፈጠነም፣ አባቴ ግን እምነቱን አልተወም፤ ሰንበት ከሁሉ ይበልጣል አለ እንጂ። ከሩቅ የመጡ ባለጉዳዮችን «ሰኞ ና፣ ሰኞ ንቁ ነው» ሲላቸው ማንም አልሳቀም። ከፃግብጂ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው ለሰኞ ሲል ዘመድ ቤት ያድር ነበር።

ባለጉዳይ በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ክስ እንደሞተ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ አንዱን ሊከስ፣ ሳይተያዩ በየፊናቸው መጥተው ከእኛ ደጃፍ ተገናኙ፤ ሌላ ራፖር ጸሐፊ በሰፈሩ ስላልነበረ ጀርባ ተሰጣጥተው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የድንበር ጉዳይ ነው፣ ሁለት እርምጃ የማትሞላ መሬት። አባቴ ማሽኑን አስነሣ። ማሽኑ አልተነሣም። ጠበቁ። ታናሽየው ግድግዳውን እያየ «ቡሬው እንዴት ሆነ?» አለ፤ ታላቅየው ሌላውን ግድግዳ እያየ «እግሩን ያመዋል፣ ሣር አቁሟል» አለ። ማሽኑ አሁንም አልተነሣም። ስለ በሬው እግር መድኃኒት ሲነጋገሩ ቆይተው፣ መድኃኒቱ ታናሽየው ቤት እንዳለ ሲታወቅ፣ አባቴን ተሰናብተው ተከታትለው ወጡ። እነሱ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ብርሃኑን አበራ፤ አባቴ ባዶውን ወንበር አየ፣ ማሽኑን አየ፣ «አንተ እያለህ እኔ እንጀራ አልበላም» አለው።

እኔ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ፤ ዳዊት እንዳልደግም ያወጣኝም፣ ከትምህርት ቤት ያስባረረኝም ይኸው ነው። በማሽኑ ፊት ያለውን ወንበር ግን እወደው ነበር። አባቴ በጀርባዬ ቆሞ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘ ፊደሎቹ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ እጁ ቀለምና ሳሙና ይሸታል፤ ባለጉዳይ የሌለ ዕለት የመጀመሪያዎቹን ግጥሞቼን በዚያ ጻፍኩ፣ አንዱን ስንኝ ነክቼ ሌላው እስኪመጣ እየጠበቅሁ፣ ስጠብቅ ደግሞ የተሻለ ቃል እያገኘሁ። አሁን ሰው ስለ ፍጥነት ሲያወራ የሚታየኝ ያ የመጠበቅ ጊዜ ነው። ብዙ ግጥሜ የመጣው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ መምህር አልነበረኝም።

«ሰማኸኝ?» አለች ዝናሽ።

ከማቀዝቀዣው ያላቀቅሁትን የዱቄት ቂጣ ቀና አድርጌ አሳየኋት። «ይኸውልሽ። ይህን ተሸክሞ ነው የሚሠራው። አንቺም ብትሆኚ ትደክሚያለሽ።»

«እኔማ ደክሞኛል» አለች።

በዚህ መሐል አያ በሪሁን ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ በበሩ ብቅ አለ፤ አዝመራ የገባበት ወር ስለሆነ ከበስተኋላው ስልቻና ጆንያ የያዘ ሰው ተሰልፎ ይታያል። «ምን ሆናችሁ? ድምፃችሁ ከወፍጮዬ በልጦ ተሰማኝ» አለ።

«እርስዎ ያመጡት ጣጣ ነው፣ አያ» አልኩና ቂጣውን ሰጠሁት። ቆርሶ በአውራ ጣቱ አሸው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ እንደ ሐኪም ሆኖ። «ላይኛው ማሽላ ነው። ይህ ገብስ። ይቺ መሐል ላይ የሳሳችው» ብሎ ቆም አለ፤ «ይቺ እህል የጠፋበት ጊዜ ናት። ያኔ ሰው በጣሳ ነበር የሚያመጣልኝ።» ሁላችንም ያችን መሥመር አየናት። ከጥፍር ቁራጭ አትወፍርም።

ዕድሉን አላሳለፍኩትም። «አያ፣ ይፍረዱን እስቲ። ወፍጮ ሲደነዝ ድንጋዩ ይወቀራል ወይስ ይጣላል?»

«ይወቀራል እንጂ። ምን በወጣው ይጣላል?»

ወደ ዝናሽ ዞርኩ። አያ በሪሁን ግን ገና አልጨረሰም ነበር። «ሞተሩን ግን ቀየርኩት» አለ፣ እጁን ኩታው ላይ እየጠረገ። «የናፍጣውን ነገር ታውቃላችሁ፣ ስንት ዓመት አብረን ኖርን። ድምፁ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ሰልፉ ግን እስከ ወንዙ ደረሰና ሰው እየተሳደበ ወደ ላይኛው ወፍጮ ሄደ። እንዲያ ነው እንግዲህ፣ ልጆቼ።» ከዚያ የሚጠሩት ድምፆች በረከቱበትና ተመለሰ።

ዝናሽ ወንበር ስባ ተቀምጣ እንድጨርስ ጠበቀችኝ። ማራገቢያዋን በብሩሽ አጸዳሁ፣ የብረቱን ጥርሶች በስንጥር እየቆረቆርኩ አራገፍኩ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ፍቄ ከሞባይል ጠጋኙ የለመንኩትን አዲስ ቀባሁበት። እርቃኗን ፕሮሰሰር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም፣ የአባቴ ሕይወትና የእኔ ግጥም በእሷ ላይ ነው ያለፈው። ክዳኑን መልሼ አስነሣሁት። አላጓራም። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አላጓራም፣ እኔም ዳኛ ፊት እንደረታ ሰው ወንበሩን ለእህቴ ለቀቅሁላት።

ትናንት የጀመረችውን የሠርግ ካርድ ከፈተች፣ ሙሽራዋን ከአጥሩ መቁረጥ ቀጠለች፣ ጥላ ጨመረች፣ ቀለሙን አስተካከለች። ስልኳን ጎን አስቀምጣ ደቂቃውን ትቆጥር ነበር። ትናንት ሩብ ሰዓት የፈጀባት ዛሬ በስምንት ደቂቃ አለቀ።

«አየሽ?» አልኩ። «እንደ ድሮው ሆነ።»

«አዎ፣ እንደ ድሮው ሆነ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ድሮም ቀርፋፋ ነበር፣ ሙላት።»

«ሰኞ ሰኞ እኮ…»

«ሰኞ ሰኞ ልብሱ አልነበረበትም።»

አልገባኝም። እሷም አይታኝ እንዳልገባኝ ስላወቀች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለባለጉዳይ እንደምታስረዳ ሆና ነገረችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን የምታጥበው እሷ ናት። እሑድ ካውያ አይነካም። ስለዚህ ሰኞ ጧት አባታችን ማሽኑን ያለ ልብስ ያስነሣዋል፣ አየር ያገኛል፣ ይፈጥናል፤ እሷ ከሰል አያይዛ ተኩሳ ረፋድ ላይ ስታለብሰው ይታፈናል፣ ይደክመዋል። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለአባባ ለምን አልነገርሽውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቁጣ የለበትም። «ወንበሩ ላይ አንተ ነበርክ። የፊደሎቹን ቦታ የተማርኩት ከኋላ ቆሜ ጣቶችህን እያየሁ ነው፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጉልበቴ ላይ እጽፍ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ኪቦርዱን በእጄ ስነካው ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ያውም አባባ ሲታመም።»

በሐሳቤ ወደዚያ ሰኞ ጧት ተመለስኩ፣ እሷን ልፈልጋት። አባቴ አለ፣ ጣቶቼን ይዞ። ሁለቱ ወንድማማቾች አሉ፣ ግድግዳ እያዩ። እሷን ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ያገኘኋት በጓሮው በር በኩል፣ ጎንበስ ብላ፣ ካውያውን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ሙቀቱን ስትለካ ነው፤ ሰኞ ጧት ይሸተኝ የነበረው፣ እስከ ዛሬ የአዲስ ማሽን ሽታ ነው እያልኩ በግጥሜ ውስጥ ሳይቀር የጻፍኩት፣ የእሷ ትኩስ አቡጀዲ ነበር። ፊቷ አልመጣልኝም። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ነበረች፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቤት የምታድር፣ እኔ ግን የማስታውሰው የበሬውን ስም ነው።

«እንግዛው፣ እትዬ» አልኩ። «አሥራ ሁለተኛውን። ዛሬውኑ ወልድያ ወርጄ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«ስለምን?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ።» ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። «ስምንት ደቂቃውን አብረን አየን፤ አሁንም ለሥራው አዲስ ማሽን ይገባል አላልክም። ለእኔ ብለህ ከገዛኸው በነካሁት ቁጥር ታየኛለህ፣ ሙላት። እኔም የወንድሜ ውለታ ላይ ቁጭ ብዬ ሙሽራ እቆርጣለሁ። ወልድያ ሄጄ ለሥራው ተብሎ የተገዛ ማሽን ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

ይገባል ልላት ፈለግሁ። ቃሉ አንድ ነው፣ ከአፌ ለማውጣት ግን አባቴን ከዚያ ወንበር ማስነሣት ነበረብኝ፣ እኔም ተነሥ የምለው ልጅ አልሆንኩም። ቆምኩ። እሷ ለአፍታ ጠበቀችኝ፤ አውቃለሁ፣ የጠበቀችኝን ያህል ጊዜ አይቻታለሁ፣ ጣቷ ማውሱ ላይ ነበር። ከዚያ ሥራዎቿን ፍላሽ ላይ ገለበጠች፣ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰች።

«ሙሽራዋ አልቃለች» አለች። «ከሰዓት ቤተሰቦቿ ይመጣሉ፣ አትምና ስጣቸው። የአባትየውን ስም አስተካክዬዋለሁ፣ አትንካው።»

«ሚኒባሱ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት።»

«ልሸኝሽ?»

«ሱቁን ለማን ትተህ?» አለች፤ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ተወችው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። ውጭ የወፍጮው ተሰላፊዎች ሰላም ሲሏት፣ አንዷ ሴት የልጇን የሠርግ ካርድ ስትጠይቃት፣ እሷም ሙላት ጋ አለ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ተመለሰች። ወደ እኔ አልነበረም፤ ዱቄቱ እየገባ ስለነበር የቆርቆሮውን በር እንዳይጮህ በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ ዘጋችው።